የተረከዝን ጅማት ልስላሴ የሚለካው አልትራሳውንድ

ጠዋት ከአልጋ ወርደው መሬት ሲረግጡ ተረከዝን ሰቅዞ ይይዛል። ጥቂት ሲራመዱ ይለቃል፤ ብዙ ተቀምጠው ሲነሡ ደግሞ ይመለሳል። እንዲህ ያለው ሕመም ፕላንታር ፋሺያይቲስን ያስጠረጥራል። ፕላንታር ፋሺያ ከተረከዝ አጥንት ተነሥቶ እስከ ጣቶች ሥር የሚዘረጋ፣ ጎድጓዳውን የውስጥ እግር ወጥሮ የሚይዝ ጠፍጣፋ ጅማት ነው።

አብዛኛውን ጊዜ የታማሚው ታሪክና የሐኪሙ ጣት በሽታውን ለማወቅ ይበቃሉ። ራጅ ላይ ታይቶ ብዙዎችን የሚያስደነግጠው «የበቀለ አጥንት» ምንም በማያማቸው ሰዎችም ላይ ይገኛል። ጥርጣሬ ከቀረ ተራው አልትራሳውንድ የጅማቱን ውፍረት ይለካል፤ ከ4 ሚሊ ሜትር ካለፈ እንደ ታመመ ይታሰባል። ችግሩ፣ ጅማታቸው ሳይወፍር ተረከዛቸው የሚያሠቃያቸው መኖራቸው ነው።

የአካልን ልስላሴ በአልትራሳውንድ የሚለካው ኢላስቶግራፊ የሚገባው እዚህ ላይ ነው። በ1991 እ.ኤ.አ. ጆናታን ኦፊርና ባልደረቦቹ ሂውስተን ውስጥ ያስተዋወቁት ሐሳብ አቮካዶ ገዢ ሁሉ የሚያውቀው ነው፦ ሲጫኑት የሚሰረጉደው ለስላሳ ነው። በዚህ ዘዴ ባለሙያው በመመርመሪያው ቀስ እያለ ይጫናል፣ ማሽኑም ልዩነቱን በቀለም ያሳያል። ኋላ የመጣው ዘዴ ግን የእጅ ግፊት አይፈልግም። ማሽኑ ራሱ በድምፅ ጨረር ጅማቱን ገፋ ያደርግና ወደ ጎን የሚሄድ ሞገድ ያስነሣል። ሞገዱ በሰከንድ ጥቂት ሜትሮች ብቻ ሲጓዝ አልትራሳውንድ በሰውነት ውስጥ በሰከንድ 1,540 ሜትር ገደማ ስለሚከንፍ፣ ማሽኑ በሰከንድ በሺዎች የሚቆጠሩ ምስሎች እያነሣ ይከታተለዋል። ሞገዱ በጠንካራ አካል ውስጥ ይፈጥናል፣ በለስላሳው ይዘገያል።

የወፈረና የታመመ ጅማት ይጠነክራል ብሎ የሚገምት ሰው እዚህ ይገረማል፦ በብዙ ጥናቶች የታመመው ለስልሶ ነው የተገኘው። ሕመሙ ሲቆይ የኮላጅን ክሮቹ ይበላሻሉ፣ ሥርዓታቸውንም ያጣሉ።

በቀለሙ ብቻ መፍረድ ግን አያዋጣም። ጣቶች ወደ ላይ ሲታጠፉ ጅማቱ ይወጠርና ጤነኛ ያልሆነውም ጠንካራ ይመስላል። በአንዱ ማሽን ቀይ ለጠንካራ ሲሆን በሌላው ለለስላሳ ነው። ስለዚህ ከሕክምና በፊትና በኋላ የተነሡ ምስሎች የሚወዳደሩት ማሽኑም የእግሩ አቀማመጥም አንድ ሲሆን ነው። ባትንና ውስጥ እግርን የማሳሳብ እንቅስቃሴ ለመጀመር ደግሞ ይህን ምርመራ መጠበቅ አያስፈልግም፤ አብዛኛው ሰው ያለ ቀዶ ሕክምና በወራት ውስጥ ይሻለዋል።