ንባብ አያሳብድም

«ሲያነብ ሲያነብ አበደ!» አንድ የሕክምና ተማሪ ትምህርቱን ባቋረጠ ቁጥር ይኸው ወሬ ከግቢ ወጥቶ ሰፈር ይደርሳል። ሐሰት ነው፤ ጎጂም ነው። ሕመሙ በመጽሐፍ ስለሚላከክ፣ መታከም የሚገባው ልጅ «ትንሽ ይረፍ፣ ይለቀዋል» ተብሎ ይተዋል።

ውጥረት ምን እንደሆነ ፈተና ላይ የተቀመጠ ሁሉ ያውቀዋል። ልብ የማይባለው ሲከርም የሚያደርሰው ነው። ስጋት ሲመጣ ሃይፖታላመስ ለፒቱታሪ ዕጢ፣ ፒቱታሪም ከኩላሊት በላይ ላሉት አድሬናል ዕጢዎች ትእዛዝ ያስተላልፋል፤ ኮርቲሶል ይመነጫል። ኮርቲሶል በራሱ ጠላት አይደለም፤ ጠዋት እንድንነቃቃ የሚያግዘንም እሱ ነው። መጠኑ ሲበቃ አንጎል፣ በተለይም ሂፖካምፐስ የሚባለው ክፍል፣ ማመንጨቱ እንዲቆም ያደርጋል። የግቢ ውሻ ሌባ ሲያይ ይጮኻል፤ ጌታው «በቃ!» ሲለው ዝም ይላል። ጉዱ ጌታው ራሱ የደከመ ዕለት ነው። ውጥረቱ ወራት ሲዘልቅ የሂፖካምፐስ የማስቆም አቅም ይላላል፤ አዲስ ትምህርት የሚመዘገበው ደግሞ እዚያው ነው። ዱቲ ያደረ ኢንተርን ጠዋት ራውንድ ላይ የሚያውቀው ነገር ቢጠፋበት ስንፍና አይደለም። እንቅልፍን በጫት መግፋትም አያዋጣም፦ በውስጡ ያለው ካቲኖን ዶፓሚን እያስለቀቀ ያነቃል፣ ያጠኑት የሚጸናበትን እንቅልፍ ግን ይነሳል።

ውጥረት ሂፖካምፐስን የሚያላላበት ይህ ዑደት ጎልቶ የታየው በእንስሳት ላይ በተደረጉ ጥናቶች ነው። የከረመ ውጥረት ከድባቴ (ዲፕሬሽን) ጋር ቢያያዝም፣ ድባቴ ያለበት ሰው ሁሉ ኮርቲሶሉ ከፍ ብሎ አይገኝም፤ ድባቴም በአንድ ሆርሞን ብቻ አይገለጽም። ቁጥሮቹም ጥንቃቄ ይሻሉ። እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣና ከ43 አገሮች ጥናቶችን ያሰባሰበ ትንተና 27.2 በመቶ የሚሆኑት የሕክምና ተማሪዎች ድባቴ ወይም ምልክቱ እንዳለባቸው አሳይቷል፤ ነገር ግን አብዛኛው የተለካው በመጠይቅ ነው፣ መጠይቅ ደግሞ የሐኪም ምርመራን አይተካም። ምልክቱ ከታየባቸው ውስጥ ሕክምና የፈለጉት 15.7 በመቶ ብቻ መሆናቸው ነው የሚያሳዝነው።

ቢፈሩ አይፈረድባቸውም። መታከሚያቸው የሚማሩበት ሆስፒታል ነው። ተማሪው ካርድ አውጥቶ የአእምሮ ሕክምና ክፍል በር ላይ ወረፋ ሲጠብቅ፣ ጋዋን ለብሰው የሚያልፉት የክፍል ጓደኞቹ ናቸው፤ ሐኪሙም ነገ ማርክ የሚሰጠው መምህሩ ሊሆን ይችላል። መተኛት፣ ሰውነትን ማንቀሳቀስ፣ ከጓደኛ ጋር ማጥናት፣ ጸሎትም ያግዛሉ፤ ድባቴ ከጸና ግን ሕክምናን አይተኩም።

አሜሪካ የሚገኘው የሴንት ሉዊስ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ትምህርት ቤት በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ውጤቱን «አለፈ፣ ወደቀ» ብቻ አድርጎ የክፍል ሰዓትም ሲቀንስ፣ አዲሶቹ ባቾች ከቀደሙት ያነሰ ድባቴና ጭንቀት ታይቶባቸዋል። የእኛዎቹ የሕክምና ትምህርት ቤቶች ሥርዓተ ትምህርት እስኪከለስ መጠበቅ የለባቸውም፤ ተማሪው ማርክ ከሚሰጠው መምህር ውጭ በሆነ ሐኪም፣ ከሚማርበት ግቢ ርቆ፣ በነፃ የሚታከምበትን መንገድ ዛሬውኑ ያመቻቹ።