የታሪካዊ ሕንፃ ስባሪ

ከታሪካዊ ሕንፃ የወደቀ ጡብ ወይም የልስን ቁራጭ ለማስታወሻ ቢወሰድ ጉዳት የለውም የሚባለው ስሕተት ነው። ጉዳዩ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ የደረሰውን የምድር ባቡር መስመር ተከትለው የቆሙትን እንደ አዳማና አዋሽ ያሉ ጣቢያዎችንም ይመለከታል።

የወደቀው ቁራጭ ለጥገና ባለሙያ ዋና ማስረጃ ነው፤ የኖራው ድብልቅ፣ የአሸዋው ዓይነትና የቀለሙ ድርብርብ ከእሱ ይነበባል። ይህ ሳይታወቅ በኖራ የተሠራ ግንብ በሲሚንቶ ቢለሰን እርጥበቱ ግንቡ ውስጥ ይታፈናል፤ አሮጌው ጡብም ይፈረፈራል። የተነሣበት ቦታ ያልተመዘገበ ስባሪ ይህን ሁሉ መናገር አይችልም፤ ትልቁ ጥፋት እዚህ ላይ ነው።

በቅርስ ላይ ሆነ ብሎ ጉዳት ማድረስ በአዋጅ ቁጥር 209/1992 ያስቀጣል። ወድቆ የተገኘውን ባለበት ፎቶ አንሥቶ ለአካባቢው የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ማሳወቅ ይገባል። በሕጋዊ መንገድ ከፈረሰ ቤት በባለቤቱ ፈቃድ የተገኘ ጡብ ከሆነ፣ የሕንፃው ስም፣ ቦታውና የፈረሰበት ዓመት ተጽፎ አብሮት ይቀመጣል።