የቲማቲም ማሳ ዘብ ከወንዝ ዳር

በበጋ መስኖ የለማ ቲማቲም ቅጠሉ በጥቃቅን ነጫጭ ነጠብጣቦች ተሸፍኖ ቢጫ ሲሆንና ሲደርቅ፣ ብዙ አርሶ አደር አስቀድሞ የሚጠረጥረው የውኃ ወይም የማዳበሪያ እጥረትን ነው። ቅጠሉን ገልብጦ ያየ ግን ስስ ድርና ግማሽ ሚሊ ሜትር ገደማ የሆኑ ተንቀሳቃሽ ነጥቦች ያገኛል። እነዚህ ቀይ ሸረሪት የሚባሉት ማይቶች ናቸው። ያደጉት ስምንት እግር ያላቸው ሲሆን፣ የሚዛመዱትም ከሸረሪት ጋር እንጂ ከነፍሳት ጋር አይደለም።

ጉዳቱ በሙቀትና በደረቅ አየር ይብሳል። በሞቃት ወቅት ከእንቁላል ተነስተው ለመራባት የሚበቁት በአንድ ሳምንት ገደማ ነው። አንዲት እንስትም 100 እና ከዚያ በላይ እንቁላል ልትጥል ትችላለች። አቧራ የሚለብስ የመንገድ ዳር ማሳ ደግሞ ይበልጥ ይጠቃል።

ሆኖም ማይት ሁሉ ጠላት አይደለም። አዳኝ ማይቶች የቀይ ሸረሪትን እንቁላልና ግልገል እየበሉ ቁጥሩን ይቀንሳሉ። ብዙዎቹ የሚያድኑት ሲጠፋ በአበባ ብናኝ ይቆያሉ። ስለዚህ ዓመቱን ሙሉ መጠለያና የሚያብብ ተክል ይፈልጋሉ። ሾላና ዶቅማን የመሳሰሉ ዛፎች ያሉበት የወንዝ ዳር ደን ጥላና እርጥበት ይሰጣል። በሣር ላይ ከሚኖሩት ማይቶች መካከል ሣር ብቻ የሚመገቡት ቲማቲም አይነኩም፤ የሣሩ ብናኝም ለአዳኞቹ ስንቅ ይሆናል።

በደቡብ ፈረንሳይ የወይን እርሻዎች የተደረጉ ጥናቶች አዳኝ ማይቶች በአቅራቢያ ካለ ደን በነፋስ ተወስደው ማሳ እንደሚገቡ አሳይተዋል። በሀገራችንም የአበባ እርሻዎች ቀይ ሸረሪትን ለመከላከል አዳኝ ማይት ገዝተው ይለቃሉ። የወንዝ ዳር አርሶ አደር ግን ዘቡን ከደኑ በነፃ ሊያገኝ ይችላል።

ይህ የሚቀረው እስከ ወንዙ አፋፍ ሲታረስ፣ ዛፉ ለማገዶ ሲቆረጥና የማሳው ድንበር ሲቃጠል ነው። በጅምላ የሚገድል ፀረ ተባይም አዳኞቹን ስለሚጨርስ፣ ቀይ ሸረሪቱ ከርጭቱ በኋላ በርክቶ ይመለሳል። አንድ ዓይነት ኬሚካል መደጋገምም ተባዩ እንዲላመደው ያደርጋል።

ስለዚህ ከርጭት በፊት ቅጠሉን በነጭ ወረቀት ላይ መታ መታ አድርጎ በአጉሊ መነጽር ማየት ይገባል። ቀስ ብሎ የሚሄደው አብዛኛውን ጊዜ ተባዩ ነው፤ የሚያብለጨልጭና ፈጥኖ የሚሮጠው አዳኙ ነው። አዳኙ በርከት ካለ ርጭቱን ማዘግየት ያዋጣል። የድንበሩ ሣር ይቆይ፤ ቀይ ሸረሪት የሚጠለልበት አውጥ ግን ከቲማቲሙ አጠገብ ይነቀል።

የልማት ጣቢያ ሠራተኞች ይህን ፍተሻ በማሳ ላይ ቢያሳዩ፣ የወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤቶችም የመስኖ መሬት ሲያካልሉ የወንዝ ዳሩን ዛፍ ከነሣሩ ቢያስቀሩ የአርሶ አደሩ የኬሚካል ወጪ ይቀንሳል። አንድ ጊዜ የተመነጠረ ደን ግን ለቀጣዩ በጋ አይደርስም።