የስሜን ተራሮች ፓርክ ሕግ፦ ዋልያውን ያየ፣ ገበሬውን የዘለለ

የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ሲነሣ ሁላችንም ቀድሞ የሚታወሰን ዋልያ፣ ጭላዳ ዝንጀሮና ቀይ ቀበሮ ነው። የብሔራዊ እግር ኳስ ቡድናችንን እንኳ የምንጠራው በዋልያ ስም ነው። የፓርኩን ሕግ ያነበብን ግን ስንቶቻችን ነን? ሕጉን ተከትለን ብንሄድ የምናገኘው የእንስሳትን ታሪክ ብቻ አይደለም፤ ሦስት መንግሥታት ተራራው ላይ የሚኖረውን ገበሬ በምን ዓይን እንዳዩት ጭምር ነው። (ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

እስከ 1960ዎቹ ድረስ የነበረው ሕግ በዋናነት የአደን ሕግ ነበር። በ1944 የወጣው አዋጅ ቁጥር 61 ያተኮረው ማን፣ ምን፣ በምን ፈቃድ ያድናል በሚለው ላይ ነበር። በ1963 ሰር ጁልያን ሃክስሌይ ያሉበት የዩኔስኮ የባለሙያዎች ቡድን አገሪቱን ጎብኝቶ ብሔራዊ ፓርኮች እንዲቋቋሙ መከረ። ከጥቂት ዓመታት በኋላም ክላይቭ ኒኮል የተባለ የዌልስ ተወላጅ የስሜን የመጀመሪያው የፓርክ ኃላፊ ሆኖ ተሾመ።

በመጨረሻም ጥቅምት 31 ቀን 1969 የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ትእዛዝ ቁጥር 59ን በነጋሪት ጋዜጣ አውጥቶ ስሜንን ብሔራዊ ፓርክ አደረገው። ስፋቱ 136 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ነበር። በ1972 የወጣው የዱር እንስሳት ጥበቃ ደንብ ደግሞ በፓርክ ክልል ውስጥ መኖርን፣ ማረስንና ከብት ማሰማራትን ከለከለ። እዚህ ላይ ልብ እንበል! በዚያ መሬት ላይ ገብስ የሚዘራ፣ በግ የሚያረባ፣ ቤተ ክርስቲያንና መስጊድ ያለው ሕዝብ ነበር። በአንድ ደንብ በአባቱ ርስት ላይ ሕገ ወጥ ሆነ።

ደርግ መጣ። “መሬት ለአራሹ” የተባለበት ዘመን ስለሆነ የስሜን አራሽም ተስፋ ቢያደርግ አይፈረድበትም። በ1978 ዩኔስኮ በዓለም ቅርስነት ከመዘገባቸው የመጀመሪያዎቹ 12 ሥፍራዎች ሁለቱ የእኛው ላሊበላና ስሜን ነበሩ። ኩራታችን ነው። ነገር ግን በዚያው ሰሞን ከገደሉ ሥር የነበሩ መንደሮች ነዋሪዎች በኃይል ተነሡ። በ1980 የወጣው የደንና የዱር እንስሳት ጥበቃና ልማት አዋጅ ቁጥር 192ም ይህን አስተሳሰብ አልለወጠውም። ከዚያ ጦርነቱ ሲበረታ የፓርኩ ሠራተኞች ለዓመታት ሥፍራውን ለቀው ወጡ፤ የሳንቃበር ካምፕም ፈረሰ። ሕጉ በወረቀት ላይ ቀረ፤ ተራራው ላይ የቀረው ያው ገበሬው ነበር።

ኢሕአዴግ ሥልጣን ከያዘ በኋላ የወጣው የ1995ቱ ሕገ መንግሥት በወረቀት ደረጃ ያማረ ነው። አንቀጽ 40 ገበሬው ከመሬቱ ላለመነቀል ዋስትና ይሰጠዋል። አንቀጽ 44 በመንግሥት ፕሮግራም ምክንያት የተፈናቀለ ሰው ተመጣጣኝ ካሳ ወይም ሌላ ማካካሻ የማግኘት መብት እንዳለው ይደነግጋል። አንቀጽ 92 ደግሞ ሕዝቡ በሚነካው የአካባቢ ፖሊሲና ፕሮጀክት ላይ በሙሉ እንዲመክርና ሐሳቡን እንዲገልጽ ያዛል።

በ1996 ዩኔስኮ ስሜንን በአደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች ዝርዝር ውስጥ አስገባው። ምክንያቶቹ የዋልያው ቁጥር መቀነስ፣ የሰው ሠፈራና በፓርኩ ውስጥ ያለፈው መንገድ ነበሩ። ከዝርዝሩ ለመውጣት ከተቀመጡት ግቦች አንዱም በፓርኩ ውስጥ የሚኖረውን ሕዝብ ቁጥር መቀነስ ነበር። የፓርኩ ወሰን ተሻሽሎ ወደ 412 ካሬ ኪሎ ሜትር ሰፋ። በ2007 የወጣው አዋጅ ቁጥር 541 እንዲህ ያሉ ፓርኮችን በፌዴራል መንግሥት እጅ አደረገ። በ2016 የግጭ መንደር 418 አባወራዎች ተነሥተው ወደ ደባርቅ ከተማ ተወሰዱ። በ2017 የዓለም ቅርስ ኮሚቴ ፖላንድ ክራኮቭ ላይ ተሰብስቦ ስሜንን ከአደጋው ዝርዝር አወጣው። በአዲስ አበባ ደስታ ሆነ። ካሳ ተከፍሏል ይባላል። ግን ዕድሜውን በሞፈርና በከብት የኖረ ሰው ከተማ ገብቶ የካሳው ገንዘብ ሲያልቅ በምን ይተዳደራል? ይህን የሚመልስ አንቀጽ የትኛው ነው?

ፈረንሳዊው የታሪክ ምሁር ጊዮም ብላን በ2020 ባሳተመው መጽሐፍ እንዲህ ያለውን አሠራር “አረንጓዴ ቅኝ አገዛዝ” ብሎታል። እኛ በግማሹ እንስማማለን። የውጭ ባለሙያ መክሮ ይሆናል፤ ትእዛዙን የፈረመው፣ ገበሬውን ያስነሣው ግን የገዛ መንግሥታችን ነው። “ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ” ይላሉ አባቶቻችን።

ዋልያው ይጥፋ የሚል ሰው የለም፤ እኛም አንልም። በዓለም ላይ ከስሜን በቀር ሌላ መኖሪያ የለውም። የምንለው ሌላ ነው። በ2021 ጦርነቱ እስከ ደባርቅ አካባቢ ደርሶ ነበር፤ በ2023 ደግሞ በአማራ ክልል ሌላ ግጭት ተቀሰቀሰ። እንዲህ ባለ ጊዜ ቱሪስቱ ይቀራል፣ ጠባቂው ይሸሻል፣ የነጋሪት ጋዜጣው አዋጅ ዋልያን ከጥይት አያድንም። ያኔ ዋልያን ሊያድነው የሚችለው ጎረቤቱ ገበሬ ብቻ ነው። በሕግ ባዕድ ያደረጉት ሰው ደግሞ ለምን ብሎ ይጠብቅለታል?

ስለዚህ ስለ ስሜን ወደፊት የሚወጣ ሕግ ሁሉ በሕገ መንግሥቱ የተጻፈውን ምክክር በቦታው፣ በገበሬው ፊት፣ ከውሳኔው በፊት ያድርግ። ከፓርኩ ገቢ የአካባቢው ሕዝብ ድርሻ በቁጥር ይጻፍ። የግጭ ተነሺዎችም ዛሬ ያሉበት ሁኔታ በገለልተኛ ወገን ተመርምሮ ለሕዝብ ይገለጽ። በውጭ የምንኖር ወገኖችም የዋልያን ምስል ግድግዳችን ላይ ስንሰቅል ከተራራው የተነሣውን ሰው እናስታውስ፤ ስለ እሱም በየደረስንበት እንጠይቅ።

ቸር ይግጠመን!