ብዙ ሲዲ ላለው ነጋዴ የሚያዋጣው ዕቃ የትኛው ነው?

ከደሴ ወደ ወልድያ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለችው ሐይቅም ሆነ በአምባሰሏ ውጫሌ፣ ሲዲ ሲነግድ የኖረ ባለሱቅ ዛሬም መደርደሪያው ላይ 500 ያህል ሲዲ ቀርቶት ይሆናል። አምባሰል ከአራቱ ቅኝቶች የአንዱ መጠሪያ እንደመሆኑ፣ ከመካከላቸው ሌላ ቅጂ የሌላቸው የአካባቢው ዘፈኖች ቢገኙ አያስገርምም። እነዚህን በአራት አምስት ኮምፒዩተር በኔትወርክ ለመጠቀም ምን መግዛት ይሻላል?

ቀደም ሲል መልሱ ብዙ የሲዲ ማንበቢያ የተደረደረበት ሣጥን ነበር። ይህን ያገለገለ ዕቃ ደላላ በርካሽ ቢያቀርብም መግዛቱ አያዋጣም። ሰባት ማንበቢያ ያለው ሣጥን በአንድ ጊዜ የሚያስነብበው ሰባት ሲዲ ብቻ ሲሆን፣ የማንበቢያው ሌንስና ሞተርም በሥራ ብዛት ያልቃሉ፤ መለዋወጫው ደግሞ በቀላሉ አይገኝም።

ሂሳቡን እንመልከት። አንድ ሲዲ በአማካይ 700 ሜጋባይት ገደማ ቢይዝ፣ 500ው ሲዲ 350 ጊጋባይት ገደማ ነው። አንድ ቴራባይት ሃርድ ዲስክ ይህን ሁሉ ይዞ ቦታ ይተርፈዋል። በመሆኑም አንድ ያገለገለ የቢሮ ኮምፒዩተር፣ አንድ ደህና የሲዲ ማንበቢያና አንድ ስዊች ይበቃሉ። ውድ ስዊች አያስፈልግም። የሙዚቃ ሲዲ በሰከንድ የሚጠይቀው 1.4 ሜጋቢት ገደማ ስለሆነ፣ አምስት ሰው በአንድ ጊዜ ቢያዳምጥ ባለ 100 ሜጋቢቱ ስዊች አሥር በመቶው እንኳ አይነካም። የሙዚቃ ሲዲ ግን እንደ ፋይል ተጎትቶ አይገለበጥም፤ ትራኩን አንብቦ ወደ ፋይል የሚለውጥ ፕሮግራም ይፈልጋል። ፍላክ በተባለው ዓይነት ቢቀመጥ ድምፁ ሳይጎዳ ቦታው በግማሽ ገደማ ይቀንሳል።

ከዚህ የተረፈው ገንዘብ ለሁለት ነገር ይዋል። አንደኛው መብራት ድንገት ሲጠፋ ኮምፒዩተሩን በሥርዓት ለመዝጋት ጊዜ የሚሰጠው ዩፒኤስ ነው። ሁለተኛው ሌላ ሃርድ ዲስክ ሲሆን፣ እሱም ከተገለበጠበት በኋላ ተነቅሎ ሌላ ቤት፣ ለምሳሌ ደሴ ካለ ዘመድ ዘንድ ይቀመጥ። ሁለቱን ዲስክ በአንድ ኮምፒዩተር ውስጥ አጣምሮ ማሠራት ዲስክ ሲበላሽ ይጠቅም እንጂ፣ በስህተት የጠፋ ፋይል ከሁለቱም ይጠፋል፤ ሌባም ሁለቱን ይዞ ይሄዳል።

ገልብጦ ለመሸጥ ወይም ለሕዝብ ለማሰማት ግን በአዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት የባለመብቱ ፈቃድ ያስፈልጋል።

ሥራው ሲጀመር በኮምፒዩተር የተቀረጹት ሲዲዎች ይቅደሙ። ፋብሪካ ካተማቸው ይልቅ ፀሐይና ሙቀት ቶሎ የሚጎዳቸው እነርሱ ናቸው።