ትንሿ ሄሊኮፕተር በሳሳው የማርቆስ አየር

የሞዴል ሄሊኮፕተር ኪት በካርቶን የሚመጣው ትንንሽ ከረጢቶች ውስጥ ተከፋፍሎ ነው። በአንዱ ከረጢት ኩሽኔታ፣ በሌላው ማርሽ፣ በሌላው ደግሞ በብሩጎላ የሚጠብቁ ደቃቅ ብሎኖች አሉ። አብሮ የሚመጣው ማኑዋል የትኛው ብሎን የት እንደሚገባና ክንፎቹ በደቂቃ ስንት ዙር መዞር እንዳለባቸው ይናገራል። በሞዴል አብራሪዎች ዘንድ በጣም የታወቀችው ቲ-ሬክስ 450 የአላይን ኩባንያ ሥራ ናት፤ ኩባንያው የሚገኘው ታይዋን ውስጥ፣ ታይቹንግ በምትባል ቆላማ ከተማ ነው። ማኑዋሉም የተዘጋጀው ለዚያ ዓይነት አየር ነው። ደብረ ማርቆስ ግን ከባሕር ወለል በላይ ከ2,400 ሜትር ከፍ ብላ ትገኛለች። እዚህ ኪት የሚገጥም ሰው ማኑዋሉን እስከ መጨረሻው ገጽ ቢከተልም አየሩን ማስላት ለእሱ ይቀራል። ይህ ስሌት ከብሎን ማጥበቁ ሁሉ የሚበልጥ ትምህርት ነው ብዬ አምናለሁ።

ሄሊኮፕተር የምትነሳው አየርን ወደ ታች በመግፋት ነው። የምትገፋው አየር ሲሳሳ የማንሳት ጉልበቷም በዚያው ልክ ይቀንሳል። በባሕር ወለል ላይ፣ ሙቀቱ 15 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲሆን፣ አንድ ሜትር ኩብ አየር 1.225 ኪሎ ግራም ይመዝናል። ማርቆስ ላይ፣ በ22 ዲግሪ የቀትር ሙቀት፣ ያው ሜትር ኩብ ወደ 0.89 ኪሎ ግራም ይወርዳል፤ ከሩብ በላይ ጎድሏል ማለት ነው። ማርቆስ ያለችበት ምሥራቅ ጎጃም ይህን ልዩነት ለማየት የተመቸ አገር ነው። በደጀን በኩል ወደ ዓባይ ድልድይ የወረደ ሰው ከ1,000 ሜትር ብዙም በማይበልጥ ከፍታ ላይ ይደርሳል፤ በረሃው 35 ዲግሪ ቢሞቅ እንኳ አየሩ 1 ኪሎ ግራም ያህል ይመዝናል። ወደ ጮቄ ተራራ፣ ወደ 4,000 ሜትር የወጣ ደግሞ በ10 ዲግሪ ብርድ የሚያገኘው 0.76 ብቻ ነው። ሄሊኮፕተሯም ባትሪዋም ሳይለወጡ፣ በአንድ ዞን ውስጥ በሦስት ቦታ ሦስት ዓይነት ጠባይ ታሳያለች።

ታዲያ የጎደለው በምን ይሞላ? የማንሳት ጉልበት የክንፎቹን ፍጥነት የሚከተለው በስኩዌር ነው፤ ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ጉልበቱ አራት እጥፍ ይሆናል። በዚህ ምክንያት የማርቆስን ጉድለት ለማካካስ በዙሩ ላይ 17 በመቶ ገደማ መጨመር ይበቃል። 2,500 ዙር የተመደበላት ሄሊኮፕተር 2,900 ገደማ ትፈልጋለች። ጭማሪው በወረቀት ላይ ትንሽ ቢመስልም ክንፉ ላይ የሚያመጣው ጫና ቀላል አይደለም። የቲ-ሬክስ 450 ክንፍ ርዝመቱ 32.5 ሴንቲ ሜትር ነው። 30 ግራም ገደማ የሚመዝን እንዲህ ያለ ክንፍ በ2,900 ዙር ሲዞር ለመፈናጠር የሚጎትተው ጉልበት የግማሽ ኩንታል ጤፍ ክብደት ያህላል፤ ጫፉም በሰዓት 390 ኪሎ ሜትር ገደማ ይከንፋል። ክንፉን የምትይዘው ደግሞ አንዲት ብሎን ናት። ዙር ከመጨመር በፊት የክንፉ አምራች የፈቀደውን ጣሪያ ማየት ግዴታ የሚሆነው ለዚህ ነው።

ዙሩን ሳይነኩ የክንፎቹን ማዕዘን መጨመርም ይቻላል። እኔ ግን በዚህ ብቻ መተማመንን አልመክርም፤ ምክንያቱ ያለው ጭራው ላይ ነው። ሞተሩ ትልቁን ክንፍ ወደ አንድ አቅጣጫ ሲያዞር አካሉ ወደ ተቃራኒው መዞር ይፈልጋል፤ ይህን የሚከለክለው የጭራው ትንሽ ክንፍ ነው። እሱም የሚገፋው ያንኑ የሳሳ አየር ነው። የጭራው ክንፍ ከዋናው ጋር በቀበቶ ወይም በማርሽ የተያያዘ ስለሆነ ዋናው ሲፈጥን አብሮ ይፈጥናል፤ ማዕዘን ብቻ ሲጨመር ግን የሞተሩ ሸክም ይከብዳል እንጂ ጭራው አይፈጥንም። ደጋ ላይ ሄሊኮፕተር ከእጅ የምታመልጠው ብዙ ጊዜ በጭራዋ በኩል ነው።

ከገጣጣሚው እጅ ከሚገቡት ክፍሎች ሁሉ የሚያስደንቀኝ ስዋሽፕሌት ነው። ሁለት ቀለበቶች፣ በመካከላቸው ኩሽኔታ፤ የታችኛው አይዞርም፣ የላይኛው ከክንፎቹ ጋር ይዞራል። ሰርቮ የሚባሉ፣ ለሪሞቱ የሚታዘዙ ሦስት ትንንሽ ሞተሮች በ120 ዲግሪ ተራርቀው የታችኛውን ይይዙታል። አንድ ላይ ከፍ ሲያደርጉት የሁለቱም ክንፎች ማዕዘን እኩል ይጨምርና ሄሊኮፕተሯ ትነሳለች። ሲያዘነብሉት ደግሞ እያንዳንዱ ክንፍ በአንዱ ጎን ሲያልፍ ማዕዘኑ ይሰፋል፣ በሌላው ጎን ይጠባል። የሚሽከረከር አካል ግን ሲገፉት የሚያዘነብለው እዚያው በተገፋበት ሳይሆን ሩብ ዙር አልፎ ነው፤ ወደ ፊት ለመሄድ ተጨማሪው ጉልበት የሚሰጠው በጎን በኩል ነው ማለት ነው። ይህን አሠራር በሪሞት ለሚታዘዝ ሞዴል በሚገባ ካሠሩት ቀዳሚዎች አንዱ ጀርመናዊው መሐንዲስ ዲተር ሽሉተር ነው፤ በ1962 ዓ.ም. አካባቢ ያበረረውን ሥራ ኋላ በኪት መልክ ለሌሎች አዳርሷል።

የመገጣጠሙ ሥራ ትዕግሥት ይጠይቃል። ብረት ከብረት ጋር የሚገናኝበት ብሎን ሁሉ ሎክታይት የሚባለው የብሎን ማጣበቂያ ጠብታ ያስፈልገዋል፤ አለዚያ ንዝረቱ ይፈታዋል። የሞተሩ ትንሽ ማርሽ ከትልቁ ጋር ሲገናኝ ደግሞ በመካከላቸው ቀጭን የደብተር ወረቀት አስገብቶ መጫን፣ ሞተሩን ማሰር፣ ከዚያ ማርሹን አዙሮ ወረቀቱን ማውጣት ነው። ወረቀቱ ሳይቀደድ የጥርሶቹ ምልክት እኩል ታትሞበት ከወጣ ክፍተቱ ልክ ነው። ክንፎቹም ተመዝነው የቀለለው ጫፉ ላይ ፕላስተር ይለጠፍበታል።

ሞተርን በሚመለከት ምርጫው ግልጽ ነው። ነዳጅ የሚያቃጥል ሞተር ኦክስጅን ሲያንሰው እሱ ራሱ ይደክማል። የኤሌክትሪክ ሞተር ግን አየር አይተነፍስም፤ የሳሳው አየር የሚጎዳው ማቀዝቀዣውን ብቻ ነው፤ ስለዚህ ደጋ ላይ በረራውን አሳጥሮ ሞተሩን እየዳሰሱ ሙቀቱን ማየት ይገባል።

ይኸው ስሌት ማርስ ላይ ተፈትኗል። ሚያዝያ 11 ቀን 2013 ዓ.ም. በማርስ ሰማይ የተነሳችው የናሳዋ ኢንጀኒውቲ 1.8 ኪሎ ግራም ብቻ ትመዝን ነበር። የዚያ ፕላኔት አየር እፍግታ ከምድር 1 በመቶ ገደማ ነው። የስበት ኃይሉ ከምድሩ ግማሽ በታች ቢሆንም ያ ብቻውን አይበቃም፤ መሐንዲሶቹ ክንፎቿን ጫፍ ለጫፍ 1.2 ሜትር አድርገው በደቂቃ ወደ 2,500 ዙር አሽከረከሯቸው። ከዚያ እጅግ ቢያፈጥኗቸው የክንፎቹ ጫፍ ወደ ድምፅ ፍጥነት ተጠግቶ ሥራውን ያበላሽ ነበር። እንዲህ ተሠርታ እስከ ጥር 2016 ዓ.ም. 72 ጊዜ በረረች።

ለማርቆስ አብራሪ ደግሞ ማለዳው ይረዳዋል። በ8 ዲግሪ የማለዳ ብርድና በ24 ዲግሪ የቀትር ሙቀት መካከል የአየሩ ክብደት 5 በመቶ ያህል ይለያያል፤ ነፋሱም ብዙውን ጊዜ ጠዋት ይረጋል። ባትሪው ግን ብርድ ስለሚያዳክመው እስኪበር ድረስ በኪስ ቢሞቅ ይሻላል።

ከሁሉ በፊት ግን ፈቃድ አለ። ድሮንና መሰል መሣሪያዎችን ወደ አገር ለማስገባትም ለማብረርም የኢንፎርሜሽን መረብ ደኅንነት አስተዳደርን ፈቃድ መጠየቅ ያስፈልጋል። ከወረቀቱም የሚበልጥ ምክንያት አለ፤ በአማራ ክልል የተነሳው ጦርነት በጎጃም የድሮንን ስም ከሞት ጋር አያይዞታል፤ ከሰማይ የሚሰማ ድምፅ ሰውን ያስደነግጣል። ጎረቤት ሳያውቅ ምንም ነገር ማስነሳት አይገባም።

ፈቃዱ እስኪገኝ ጠረጴዛ ላይ የሚሠራ ብዙ አለ። ሞተሩን ከኤሌክትሪኩ ነጥሎ፣ ክንፎቹን አውልቆ፣ ሰርቮዎቹ ለሪሞቱ በትክክለኛው አቅጣጫ መታዘዛቸውን ማየት ይቻላል። የአካሉን መዞር እየለካ ጭራውን የሚያርመው ጋይሮም እንዲሁ ይፈተናል፤ አካሉን በእጅ በድንገት ወደ ግራ ሲያዞሩት የጭራው ክንፍ ማዕዘን ወደ ቀኝ ለመመለስ መንቀሳቀስ አለበት። በተገፋበት አቅጣጫ የባሰ የሚገፋ ከሆነ የጋይሮው አቅጣጫ በራሱ በጋይሮው ቅንብር መገልበጥ አለበት፤ ያ ሳይስተካከል ሄሊኮፕተሯ መነሳት የለባትም።