የወላይታ አፈርና የአባያ ሐይቅ ደለል

ከዳሞታ ተራራ በስተደቡብና በስተምሥራቅ የሚወርደው የክረምት ጎርፍ፣ ከሶዶና ከኦቶና አካባቢ የሚታጠበውን አፈር እየጨመረ፣ በሐመሳና በቢላቴ ወንዞች በኩል አባያ ሐይቅ ይገባል። የሐይቁ ውኃ ቀይ ቡናማ መልክ የያዘው ይኸው ደቃቅ አፈር ሳይዘቅጥ ተንሳፎ ስለሚቆይ ነው። አፈሩ ግን ብቻውን አይሄድም። የቅጠል፣ የሥርና የፍግ ብስባሽ አብሮት ይሄዳል፤ በብስባሹም ውስጥ ተክሎች ከአየር የወሰዱት ካርቦን አለ።

የሐይቅ ደለል ካርቦንን እንደሚያከማች በይበልጥ የተጠናው በሰሜናዊው የዓለም ክፍል፣ በካናዳና በፊንላንድ በመሳሰሉት አገሮች ነው። በዚያ የበረዶው ዘመን ካበቃ ወዲህ፣ በ10,000 ዓመታት ገደማ፣ ብስባሽ በሐይቆቹ ወለል ላይ ተነባብሯል። ወለሉ ቀዝቃዛ ነው፤ ኦክሲጅንም ወደ ደለሉ እምብዛም ስለማይዘልቅ ብስባሹን የሚያፈርሱት ጥቃቅን ሕዋሳት ሥራቸው ይዘገያል። በመሆኑም ካርቦኑ ወደ አየር ሳይመለስ ይቀራል።

ይህን ሒሳብ እንዳለ ወደ አባያ ማዛወር ግን ስሕተት ይሆናል። አባያ 1,160 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት ሲኖረው ጥልቀቱ ከ13 ሜትር ገደማ አይበልጥም። ውኃው ሞቃት ነው፤ ሙቀት ደግሞ መበስበስን ያፋጥናል። ነፋስም ደለሉን ያናውጠዋል። በአንጻሩ ከላይ የሚመጣው አፈር ብዙ ስለሆነ የቀደመውን ቶሎ ይቀብረዋል።

ለዕርዳታና ለሠፈራ ሥራ ዋናው ቁም ነገር ሌላ ነው። በሐይቁ ወለል ላይ የሚከማች ካርቦን፣ ለከባቢ አየር ጥቅም ቢኖረውም እንኳ፣ ለወላይታ ገበሬ የጠፋ ሀብት ነው። ብስባሹን ያጣ አፈር ውኃ መያዝ አይችልም፤ ዝናብ ለጥቂት ሳምንታት ሲቋረጥ በቆሎውም ስኳር ድንቹም ይጠወልጋል። በ1976ና በ1977 ዓ.ም.፣ ኋላም በ1992 ዓ.ም. ወላይታን የጎዳው ረሃብ «አረንጓዴው ረሃብ» መባሉ የሚታወስ ነው። ዝናቡ ተመልሶ ምድሩ ሲለመልም ጎተራው ገና ባዶ ነበርና። በእርግጥ የዚያ ረሃብ ምክንያት የአፈር መሸርሸር ብቻ አልነበረም፤ የመሬት ጥበትም ከባድ ድርሻ ነበረው።

ጥበቱን ለማቃለል በ1960ዎቹ ዓ.ም. የወላይታ እርሻ ልማት ፕሮግራም ደገኞችን በአባያ አቅራቢያ በሚገኘው በአበላ ቆላ አስፍሮ ነበር። በእንዲህ ያለ ቦታ ደን ሲመነጠር የሚታጠበው አፈር ሐይቁን ለመድረስ የሚቀረው መንገድ አጭር ነው። ስለዚህ የሠፈራ ቦታ ሲደለደል በወንዞቹ ዳርና በገደላማ ቦታዎች ያለው ቁጥቋጦ ሳይነካ ሊቀር ይገባል።

መሬቱ ከተራቆተ በኋላም ቢሆን ጊዜው አያልፍም። በሁምቦ ወረዳ የአካባቢው ማኅበራት 2,728 ሄክታር ተራራማ መሬት ከግጦሽና ከምንጠራ ከልለው፣ በአፈር ውስጥ የቀሩ ጉቶዎችና ሥሮች እንደገና እንዲያቆጠቁጡ አድርገዋል። ሥራው በ2002 ዓ.ም. በዓለም አቀፉ የካርቦን ሥርዓት ተመዝግቦ ለማኅበራቱ ገቢ አስገኝቷል። ለሽያጭ የሚቆጠረው ዛፎቹ የያዙት ካርቦን ነው፤ በሥሮቹ ተይዞ በተራራው ላይ የሚቀረው አፈር ግን ለገበሬው ከሽያጩ ገንዘብ የማያንስ ዋጋ አለው።